ከማኅፀን እስከ ማሞቂያው ሣጥን፦ የሕፃናት ሞትና የዘር ልዩነት በአሜሪካ

አንድ አገር ለዜጎቹ ሕይወት የሚሰጠውን ዋጋ ለመመዘን የሕዝብ ጤና ባለሙያዎች ከሁሉ አስቀድመው የሚያነሡት ቁጥር የሕፃናት ሞት መጠን ሲሆን፣ ይህም በአንድ ዓመት በሕይወት ከተወለዱ 1000 ሕፃናት ውስጥ አንድ ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱት ስንት እንደሆኑ የሚገልጽ ነው። በአሜሪካ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2022 (በዚህ ምዕራፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ቁጥሩ 5.6 ነበር፤ በሀብትም ሆነ በሕክምና ዕውቀት ግንባር ቀደም ከሆነች አገር ከሚጠበቀው በላይ ከፍ ያለ መሆኑ እንዳለ ሆኖ፣ አማካዩ በውስጡ የደበቀው ነገር ከራሱ ከአማካዩ ይብሳል። ከነጭ እናቶች ከተወለዱት 1000 ሕፃናት 4.5 ያህሉ ሲሞቱ፣ ከጥቁር እናቶች ከተወለዱት ግን የሞቱት 10.9 ነበሩ። የአገሬው ነባር ሕዝቦች ልጆች ዕጣ ወደ ጥቁሮቹ የተጠጋ ሲሆን፣ የእስያ ተወላጆች ልጆች ደግሞ ከነጮቹም ያነሰ የሞት መጠን አላቸው።

ልዩነቱ ትናንት የተፈጠረ አይደለም፤ በጊዜ ርዝመት ብቻ እየጠበበ የሚሄድ አለመሆኑም ከቀደሙት መዛግብት ይታያል። በ1950 ከ1000 ሕፃናት የሚሞቱት ከነጮቹ 26.8፣ ከጥቁሮቹ ደግሞ 43.9 ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ባሉት ሰባት ዐሥርት ዓመታት ሞት በሁለቱም ወገን እጅግ ቀንሷል፤ በዚህ ዘመን የሚወለድ ጥቁር ሕፃን በ1950 ከተወለደ ነጭ ሕፃን የተሻለ የመኖር ተስፋ አለው። ይሁን እንጂ በ1950 የጥቁር ሕፃን የመሞት ዕድል ከነጩ አንድ ተኩል እጥፍ ትንሽ አለፍ ያለ ብቻ የነበረው ዛሬ ከሁለት እጥፍ በላይ ሆኗል። ሕክምናው ሁሉንም አሻሻለ፤ በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት ግን በንጽጽር ሲታይ አሰፋው። የዚህ ምዕራፍ ጥያቄ ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ የሚል ነው።

ለጥያቄው መልስ ለመፈለግ መጀመሪያ ሕፃናቱ በምን ምክንያትና መቼ እንደሚሞቱ መለየት ያስፈልጋል። ጨቅላ የሚባለው ከተወለደ 28 ቀን ያልሞላው ሕፃን ሲሆን፣ በአሜሪካ ከሚሞቱት ሕፃናት አብዛኞቹ የሚሞቱት በዚሁ ዕድሜ ነው። የጨቅላ ሞት ዋነኛ መንሥኤ ደግሞ ያለጊዜ መወለድ ነው፤ እርግዝና 40 ሳምንት ገደማ የሚፈጅ ሲሆን፣ ከ37ኛው ሳምንት በፊት የተወለደ ሕፃን ያለጊዜው እንደተወለደ ይቆጠራል። በ2022 ከጥቁር እናቶች ከተወለዱት ሕፃናት 14.6 በመቶ፣ ከነጭ እናቶች ከተወለዱት ደግሞ 9.4 በመቶ ያለጊዜያቸው ተወልደዋል። ልዩነቱ ይበልጥ የሚከፋው በጣም ትንንሾቹ ዘንድ ነው፤ ሲወለዱ 1500 ግራም እንኳ የማይመዝኑት፣ በሐኪሞች አነጋገር እጅግ ዝቅተኛ የልደት ክብደት ያላቸው፣ በጥቁሮች ዘንድ ከነጮቹ ሦስት እጥፍ ገደማ ይበዛሉ።

ድህነት ብቻውን ይህን ሁሉ ያብራራል ብሎ ማሰብ ይቀላል፤ በከፊልም እውነትነት አለው። ነገር ግን በ1992 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት እናታቸውም አባታቸውም የኮሌጅ ምሩቅ የሆኑ ሕፃናትን ብቻ ለይቶ ሲመረምር፣ ከጥቁሮቹ ከ1000 ውስጥ 10.2፣ ከነጮቹ ደግሞ 5.4 እንደሞቱ አገኘ፤ ዲግሪው ልዩነቱን አላጠፋውም ማለት ነው። ከዚህም በላይ የሚያስገርመው የጥናቱ ሁለተኛ ግኝት ነው፤ በመደበኛ ክብደት በተወለዱት ሕፃናት መካከል ያለው የሞት መጠን በሁለቱም ወገን ተመሳሳይ ነበር። ከተማሩት ወላጆች የተወለደው ጥቁር ሕፃን ዘጠኝ ወሩን ጨርሶ በቂ ክብደት ይዞ ከወጣ እንደ ማንኛውም ሕፃን ይኖራል፤ አደጋው ያለው ቀድሞ በመወለዱ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ በካሊፎርኒያ የልደት መዛግብትን ከቤተሰብ ገቢ ጋር ያዛመደ ሰፊ ጥናትም እጅግ ሀብታም ከሆኑት ጥቁር እናቶች የተወለዱት ሕፃናት እጅግ ድሃ ከሆኑት ነጭ እናቶች ከተወለዱት ያላነሰ፣ እንዲያውም የባሰ አደጋ እንደሚገጥማቸው አሳይቷል።

ገንዘብና ትምህርት ካልሆኑ ታዲያ ምክንያቱ በደም የሚወረስ ነገር ይሆን? ይህ ጥያቄ ረጅም ታሪክ ያለውና ብዙ ጥፋት ያስከተለ ነው። በ1896 ፍሬድሪክ ሆፍማን የተባለ የፕሩደንሻል የሕይወት መድን ኩባንያ የስታቲስቲክስ ባለሙያ ባሳተመው መጽሐፍ የጥቁሮች ከፍተኛ የሞት መጠን ከዘራቸው ተፈጥሮ የመነጨ እንደሆነና ሕዝቡም ወደ መጥፋት እንደሚያመራ ተከራከረ፤ የመድን ኩባንያዎችም ጥቁሮችን ላለመቀበል በዚህ መሰል ክርክር ተደግፈዋል። የማኅበረሰብ ጥናት ሊቁ ዊሊያም ዱቦይስ በአትላንታ ዩኒቨርሲቲ በ1906 ባወጣው ጥናት ደግሞ ተመሳሳይ አኃዞችን ወስዶ በተቃራኒው አነበባቸው፤ የሕፃናቱ ሞት የመኖሪያው፣ የውሃው፣ የምግቡና የሥራው ሁኔታ ውጤት መሆኑን፣ ሁኔታው ሲሻሻልም ሞቱ እንደሚቀንስ አስረዳ። ጊዜ የፈረደው ለዱቦይስ ነው፤ ሆኖም የሆፍማን አስተሳሰብ ስሙን እየለወጠ በየዘመኑ ብቅ ማለቱን አልተወም።

የዘር ውርስን ግምት በቀጥታ የፈተነው በሐኪሞቹ በሪቻርድ ዴቪድና በጀምስ ኮሊንስ የተሠራው፣ በ1997 የታተመው የኢሊኖይ ጥናት ነው። ሐሳባቸው ቀላል ነበር፤ የአሜሪካ ጥቁሮች ልጆቻቸው ትንንሽ ሆነው የሚወለዱት ከአፍሪካ በወረሱት ነገር ከሆነ፣ ከአውሮፓውያን ጋር ያልተደባለቁት አፍሪካ ተወልደው ወደ አሜሪካ የሄዱ እናቶች ይበልጥ ትንንሽ ልጆችን መውለድ ነበረባቸው። የልደት ምዝገባው ያሳየው ግን ሌላ ነው። የነጭ አሜሪካውያን ልጆች አማካይ ክብደት 3446 ግራም፣ አፍሪካ የተወለዱ እናቶች ልጆች 3333 ግራም፣ እዚያው አሜሪካ ተወልደው ያደጉ ጥቁር እናቶች ልጆች ደግሞ 3089 ግራም ሆኖ ተገኘ። አፍሪካዊቷ እናት ለጥቁር አሜሪካዊቷ ሳይሆን ለነጯ ቀረበች። በርግጥ ባሕር ተሻግሮ የሚሄድ ሰው በጤናውም በትምህርቱም የተመረጠ ነው የሚል ክርክር ይነሣል፤ ክርክሩም ተገቢ ነው። ስለዚህ ሁለቱ ሐኪሞች ከሌላ ባልደረባቸው ጋር በ2002 ባወጡት ተከታይ ጥናት ወደ ልጅ ልጆቹ ተመለከቱ፤ ከአውሮፓ የመጡት ነጭ እናቶች የልጅ ልጆች ከእናቶቻቸው የልደት ክብደት በልጠው ሲወለዱ፣ ከአፍሪካና ከካሪቢያን የመጡት ጥቁር እናቶች የልጅ ልጆች ግን ከእናቶቻቸው የልደት ክብደት አንሰው ተወለዱ። በአንድ ትውልድ ዕድሜ የሰው ዘረመል አይለወጥም፤ የሚለወጠው የሚኖርበት ኑሮ ነው።

ይህ ግኝት ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎች ቅርብ ነው። ጥናቱ ከአፍሪካ የመጡትን በጥቅል እንጂ ኢትዮጵያውያንን ለይቶ የቆጠረ ባይሆንም፣ በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ፣ በሚኒሶታና በካሊፎርኒያ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን እናቶች ዛሬ ልጅ የሚወልዱት በዚያው የሕክምና ሥርዓት ውስጥ ነው፤ እዚያ ተወልደው ያደጉት ሴቶች ልጆቻቸውም በመንገድ፣ በትምህርት ቤትና በሆስፒታል የሚታዩት በመጀመሪያ እንደ ጥቁር አሜሪካዊት ነው። ያ ማለት ስደተኛዋ እናት ይዛው የሄደችው ጤና ለልጇ በውርስ የሚተላለፍ ዋስትና አይደለም።

ኑሮ በማኅፀን ውስጥ ያለውን ጽንስ የሚነካበትን መንገድ ለማስረዳት ከቀረቡት ሐሳቦች ሁሉ ሰፊ ተቀባይነት ያገኘው አርሊን ጀሮኒመስ የተባለች የሕዝብ ጤና ተመራማሪ በ1992 ያቀረበችው ነው። ጀሮኒመስ ያስተዋለችው በነጮች ዘንድ በሃያዎቹ ዕድሜ መገባደጃ ያሉ እናቶች ከአፍላ ወጣቶቹ የተሻለ ውጤት ሲኖራቸው፣ በጥቁሮች ዘንድ ግን ነገሩ የተገለበጠ መሆኑን ነው፤ ዕድሜ በጨመረ ቁጥር የሕፃኑም አደጋ ይጨምራል። ማብራሪያዋም ለዓመታት የሚደራረብ መገፋት፣ ሥጋትና ድካም አካልን ከዕድሜው አስቀድሞ ይሸረሽረዋል የሚል ነው። ሰውነት አደጋ ሲሰማው ኮርቲሶልና መሰል የጭንቀት ሆርሞኖችን ያመነጫል፤ እነዚህ ለአጭር ጊዜ ሕይወት አድን ቢሆኑም ዘወትር ሲፈስሱ የደም ግፊትን ያንራሉ፣ ብግነትን ያባብሳሉ፣ በእንግዴ ልጅ በኩል ደግሞ የምጥን መጀመሪያ ጊዜ ከሚወስኑ ሆርሞኖች ጋር ይገናኛሉ። የኩላሊት፣ የልብና የደም ግፊት ሕመም በጥቁር እናቶች ላይ ቀድሞ መታየቱም ከዚሁ ጋር የሚሄድ ነው።

ጭንቀት በልደት ክብደት ላይ የሚታይ አሻራ እንደሚተው ከሚያሳዩት ማስረጃዎች አንዱ ከአዮዋ ግዛት የመጣ ነው። በግንቦት 2008 የስደተኞች ጉዳይ ፖሊስ በፖስትቪል ከተማ የሚገኝ የሥጋ ፋብሪካ ከብቦ 389 ሠራተኞችን አሠረ። ተመራማሪዎች ከዚያ በኋላ በነበሩት ወራት በግዛቲቱ የተወለዱትን ሕፃናት ከቀደመው ዓመት ተመሳሳይ ወራት ጋር ሲያነጻጽሩ፣ ከላቲን አሜሪካ ተወላጅ እናቶች የተወለዱት ዝቅተኛ ክብደት ይዘው የመወለድ ዕድላቸው በ24 በመቶ ከፍ ብሎ አገኙት፤ ከፋብሪካው ጋር ምንም ግንኙነት የሌላቸው፣ በዜግነትም አሜሪካውያን የሆኑ እናቶች ጭምር ተነክተዋል። በነጭ እናቶች ልጆች ላይ ለውጥ አልታየም። ጥቃቱ በአንድ ቀን አልፏል፤ ፍርሃቱ ግን በማኅፀን ያሉትን ልጆች ደርሶባቸዋል። አንድ ክስተት ይህን ካደረገ፣ ዕድሜ ልክ የሚኖሩበት ሁኔታ የሚያደርገውን መገመት አይከብድም።

እስከዚህ ያለው ከልደት በፊት ያለው ታሪክ ነው። ብዙ ጸሐፊዎች እዚህ ላይ ያቆማሉ፤ ሆስፒታሎችም ይህን ማብራሪያ ይወዱታል፣ ምክንያቱም ጥፋቱን ከበራቸው ውጭ ያደርገዋልና። ነገር ግን ሕፃኑ ትንሽ ሆኖ ከተወለደ በኋላ የሚሆነውም የታሪኩ ግማሽ ነው፤ ያ ግማሽ ደግሞ የሰው እጅ በቀጥታ የሚገባበት ነው።

የጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕክምና ክፍል፣ በኢትዮጵያ ሆስፒታሎችም ሠራተኞች በአጭሩ ኒኩ የሚሉት፣ ያለጊዜያቸው የተወለዱና በጠና የታመሙ ሕፃናት የሚታከሙበት ክፍል ነው። በ26ኛው ሳምንት የተወለደ ሕፃን 800 ወይም 900 ግራም ይመዝናል፤ ቆዳው ስስ በመሆኑ ሙቀትም ውሃም በፍጥነት ያመልጠዋል፣ ስለዚህ ገና ሳይደረቅ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ወደ ማሞቂያው ሣጥን ይገባል። በእምብርቱ በኩል በቀጭን ቱቦ ስኳርና መድኃኒት ይሰጠዋል፤ በእግሩ ላይ የታሰረ ቀይ መብራት በደሙ ውስጥ ያለውን ኦክሲጅን ይለካል፤ መተንፈሱን ሲረሳ፣ ይህም በቀን ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም ነው፣ መሣሪያው ይጮኻል፣ ነርሷም በጣቷ ነካ አድርጋ ትቀሰቅሰዋለች። ይህን ሥራ የትኛውም መሣሪያ ተክቶ አልሠራውም። በጠና ለታመመ ሕፃን አንድ ነርስ፣ ሲበዛ ለሁለት ሕፃናት አንድ ነርስ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

የእነዚህ ሕፃናት የመጀመሪያ ጠላት ሳንባቸው ነው። የሳንባ አየር ከረጢቶች በውስጣቸው ሰርፋክታንት በተባለ ቅባትማ ፈሳሽ ተለብጠው ካልሆነ በቀር በወጣ ትንፋሽ ቁጥር ይጣበቃሉ፤ ፈሳሹ የሚበቃው ደግሞ በእርግዝናው መገባደጃ ነው። ሜሪ ኤለን ኤቨሪ የተባለች ሐኪም ከባልደረባዋ ጋር በ1959 የሕመሙ ምክንያት የዚህ ፈሳሽ እጥረት መሆኑን ብታሳይም ሕክምናው ገና ሩቅ ነበር። በነሐሴ 1963 የፕሬዚዳንት ኬኔዲ ልጅ ፓትሪክ ከአምስት ሳምንት በላይ ቀድሞ ተወልዶ በዚሁ ሕመም በሁለት ቀን ውስጥ ሲሞት፣ የአገሪቱ መሪ ልጅ እንኳ ሊድን ያልቻለበት ዘመን ነበር፤ በዚያ ዘመን በዚህ ሕመም ሞት ለሁሉም ተቀራራቢ ነበር ማለት ይቻላል። ሰው ሠራሽ ሰርፋክታንት በአሜሪካ የተፈቀደው በ1990 ነው።

የሆነውም የሚከተለው ነው። በሴንት ልዊስ ከተማ የተደረገ፣ በ1996 የታተመ ጥናት መድኃኒቱ ከመስፋፋቱ በፊትና በኋላ ያሉትን ዓመታት ሲያነጻጽር፣ እጅግ ዝቅተኛ ክብደት ካላቸው ነጭ ጨቅላዎች መካከል ሞት በ41 በመቶ ሲቀንስ፣ በጥቁሮቹ መካከል ምንም ያህል እንዳልቀነሰ አሳየ። ከዚያ በፊት በእኩል ክብደት የተወለዱ ጥቁር ጨቅላዎች ሳንባቸው ጥቂት ቀደም ብሎ ስለሚበስል ከነጮቹ በመጠኑ የተሻለ የመትረፍ ዕድል ነበራቸው፤ መድኃኒቱ ያንን ብልጫ አጠፋው። በከፊል ይህ የተፈጥሮ ጉዳይ ነው፤ ሕመሙ በብዛት የሚይዛቸው ነጮቹ በመሆናቸው መድኃኒቱም ይበልጥ የጠቀመው እነርሱን ነው። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ በመላ አገሪቱ አኃዝ ላይ የተደረገው ጥናት በዚሁ የሳንባ ሕመም ከሚሞቱት መካከል በሁለቱ ዘሮች ያለው ልዩነት ከ1990 በኋላ መስፋቱን ሲያሳይ፣ ነገሩን በሳንባ ብስለት ብቻ ማስረዳት አልተቻለም። የማኅበረሰብ ጥናት ሊቃውንቱ ብሩስ ሊንክና ጆ ፌላን በ1995 ያቀረቡት ሐሳብ እዚህ ላይ ይረዳል፤ አዲስ ፈውስ በተገኘ ቁጥር አስቀድሞ የሚደርሰው ገንዘብ፣ ዕውቀትና ዘመድ ወዳለው ነው፤ ሁሉም እኩል አቅመ ቢስ በሆነበት ሕመም ልዩነት የለም፣ ልዩነት የሚጀምረው መዳን ሲቻል ነው።

መድኃኒቱ የሚደርሰው ደግሞ በሆስፒታል በኩል በመሆኑ፣ ሕፃኑ በየትኛው ሆስፒታል እንደተወለደ መጠየቅ ግድ ይሆናል። በ2005 የታተመና 332 ሆስፒታሎችን ያካተተ ጥናት ከታካሚ ጨቅላዎቻቸው ከ35 በመቶ በላይ ጥቁሮች በሆኑባቸው ሆስፒታሎች የሞት መጠኑ ጥቁሮች ከሚያንሱባቸው ከፍ ያለ መሆኑን አገኘ፤ የሕፃናቱ የሕመም ክብደት ከግምት ገብቶም ማለት ነው። ከሁሉ የሚከብደው ግን በእነዚህ ሆስፒታሎች ነጭ ሕፃናትም ከሌላው ቦታ በበለጠ መሞታቸው ነው። ይህ ማስረጃ ክርክሩን ከሕፃኑ ቆዳ ላይ አንሥቶ በሕንጻው ላይ ያኖረዋል። ኤልዛቤት ሃውል የተባለች ሐኪምና ባልደረቦቿ በ2008 የኒው ዮርክ ከተማን ሆስፒታሎች በሞት መጠናቸው በሦስት መድበው ሲመረምሩ፣ እጅግ ትንንሽ ከሆኑት ነጭ ጨቅላዎች 49 በመቶ የተወለዱት ዝቅተኛ ሞት ባላቸው ሆስፒታሎች ሲሆን፣ ከጥቁሮቹ ግን እዚያ የተወለዱት 29 በመቶ ብቻ ነበሩ። ጥቁር እናቶች ነጮቹ በሚወልዱባቸው ሆስፒታሎች ቢወልዱ ኖሮ በሞት ረገድ ያለው ልዩነት ከአንድ ሦስተኛ በላይ ይጠፋ እንደነበር አስልተዋል። አዲስ መድኃኒት ሳይፈለሰፍ፣ የማንም ዘረመል ሳይለወጥ፣ በአንድ ከተማ ውስጥ በር በመለወጥ ብቻ።

በእነዚያ ሆስፒታሎች የሚጎድለው ምን እንደሆነ ሲጠየቅ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው መልስ ነርስ ነው። በ2015 በታተመ ሌላ ጥናት ጥቁር ጨቅላዎች በሚበዙባቸው ሆስፒታሎች የነርሶች ቁጥር ከሚያስፈልገው ያነሰና የሥራ ሁኔታቸውም የባሰ መሆኑ፣ በሆስፒታል ውስጥ የሚይዝ የደም ኢንፌክሽንና የእናት ጡት ወተት ሳያገኙ ወደ ቤት መውጣት ከዚሁ ጋር የተያያዘ መሆኑ ተረጋግጧል። ጉድለቱ ከነርሷ ስንፍና የመጣ አይደለም፤ ሦስት ሕፃናት ያሏት ነርስ የሁለቱ ማስጠንቀቂያ በአንድ ጊዜ ሲጮኽ ከአንዱ መዘግየቷ አይቀርም። ከጉድለቱ በስተጀርባ ያለው ገንዘብ ነው። ከጥቁር እናቶች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የሚወልዱት ለዝቅተኛ ገቢ ባለቤቶች በተቋቋመው በሜዲኬይድ የመንግሥት መድን ሲሆን፣ ይህ መድን ለሆስፒታል የሚከፍለው ከግል መድን ያነሰ ነው፤ ባንኮችና የመንግሥት ድርጅቶች ጥቁሮች በሚኖሩባቸው ሰፈሮች ብድር እንዳይሰጥ በከለከሉባቸው ዐሥርት ዓመታት የተለያዩት መኖሪያዎች ደግሞ እነዚህን እናቶች በጥቂት ሆስፒታሎች ደጃፍ አከማችተዋቸዋል።

በሮች ሲከፈቱ ምን እንደሚሆን የሚያሳይ ታሪክ በአሜሪካ ራሱ አለ፤ እንደሚገባው አለመታወቁም ያሳዝናል። በ1946 የወጣው የሆስፒታል ግንባታ ሕግ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች ጥቁሮችን ለይተው እንዲያስተናግዱ በግልጽ ይፈቅድ ነበር። በሰሜን ካሮላይና በግሪንስቦሮ ከተማ ጆርጅ ሲምኪንስ የተባለ የጥርስ ሐኪም ከሌሎች ሐኪሞችና ታካሚዎች ጋር በሁለት ሆስፒታሎች ላይ ክስ መሥርቶ በ1963 በይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ረታ፤ በቀጣዩ ዓመት የወጣው የዜጎች መብት ሕግ የመንግሥት ገንዘብ የሚወስድ ማንኛውም ተቋም በዘር እንዳይለይ አዘዘ። ትእዛዙ ጥርስ ያወጣው ግን በሐምሌ 1966 የአረጋውያኑ መድን ሜዲኬር ሥራ ሲጀምር ነበር፤ ክፍሎቹን ያልቀላቀለ ሆስፒታል ከዚያ ገንዘብ ሳንቲም እንደማያገኝ ተነገረው፣ ተቆጣጣሪዎችም እየዞሩ ክፍል በክፍል መረመሩ። በጥቂት ወራት ውስጥ ከአንድ ሺህ በላይ ሆስፒታሎች ተቀላቀሉ።

በሚሲሲፒ የተከተለውን የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎቹ ዳግላስ አልሞንድ፣ ኬኔዝ ቼይና ማይክል ግሪንስቶን አጥንተውታል። ከ1965 በኋላ ባሉት ዓመታት ዕድሜያቸው ከ28 ቀን እስከ አንድ ዓመት በሆኑ ጥቁር ሕፃናት መካከል በተቅማጥና በሳንባ ምች የሚመጣው ሞት በፍጥነት አሽቆለቆለ። እነዚህ ሁለት ሕመሞች በጊዜ ሆስፒታል የደረሰን ሕፃን አብዛኛውን ጊዜ የማይገድሉ ናቸው፤ በተቅማጥ ውሃው ያለቀ ሕፃን በደም ሥሩ ፈሳሽ ከገባለት በሰዓታት ውስጥ ዓይኑን ይገልጣል፣ የሳንባ ምችም ለፔኒሲሊን ይበገራል። መርፌውም ፈሳሹም ከዚያ በፊት በዚያው አውራጃ ሆስፒታል ውስጥ ነበሩ፤ ያልነበረው የመግቢያ ፈቃድ ነው። ዱቦይስ በ1906 የጻፈውን ይህን ያህል ጥርት አድርጎ ያረጋገጠ ሌላ ክስተት ማግኘት ያስቸግራል።

ይህ ሲባል ልዩነቱ በአንድ ጣሪያ ሥር የለም ማለት አይደለም። በ2017 በታተመ የካሊፎርኒያ ጥናት ከ18 ሺህ በላይ እጅግ ትንንሽ ጨቅላዎች የታከሙባቸው 134 ክፍሎች ሲመዘኑ፣ ጥቁሮችና የላቲን አሜሪካ ተወላጆች ከነጮቹ ባነሰ መጠን ያገኟቸው ነገሮች ነበሩ፤ ከእነዚህም አንዱ ያለጊዜዋ ልትወልድ ላለች እናት የጽንሱን ሳንባ ብስለት ለማፍጠን የሚሰጠው የስቴሮይድ መርፌ ነው። መርፌው እንዲሠራ ከልደቱ በፊት ሰዓታት ስለሚያስፈልጉት፣ ምጥ መጣብኝ ያለች እናት ወዲያው መታመኗ ወይም ደግሞ «ገና ነሽ» ተብላ መመለሷ የልጇን ትንፋሽ ይወስናል።

መሣሪያዎችም ቢሆኑ ከዚህ ነፃ አይደሉም። በጣት ወይም በእግር ላይ ብርሃን እያሳለፈ ኦክሲጅንን የሚለካው ኦክሲሜትር በጠቆረ ቆዳ ላይ ከእውነተኛው ከፍ ያለ ቁጥር ሊያሳይ ይችላል፤ በ2020 የታተመ በአዋቂዎች ላይ የተደረገ ጥናት መሣሪያው «ደህና ነው» እያለ ደማቸው ኦክሲጅን የጎደለው ታካሚዎች ከጥቁሮቹ 11.7 በመቶ፣ ከነጮቹ 3.6 በመቶ መሆናቸውን አሳየ፤ ያለጊዜያቸው በተወለዱ ጨቅላዎች ላይም አነስ ያለ ቢሆንም ወደዚያው ያጋደለ ስሕተት ታይቷል። ቢሊሩቢን በተባለ ንጥረ ነገር መብዛት የሚመጣውና ካልታከመ አንጎልን የሚጎዳው የጨቅላ ቢጫነት በጠቆረ ቆዳ ላይ በዓይን ለመለየት ያስቸግራል፤ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ የ2004 መመሪያ ግን ጥቁር መሆንን ለአደጋው ተጋላጭነትን እንደሚቀንስ ነገር ይቆጥር ነበር። ቀይ የደም ሕዋስን በማፍረስ ከባድ ቢጫነት የሚያመጣው የጂ-ስድስት-ፒዲ ኢንዛይም እጥረት በአፍሪካ ዝርያዎች ዘንድ በብዛት የሚገኝ ሆኖ ሳለ! መመሪያው የተስተካከለው በ2022 ነው።

በዚህ ዘርፍ የሚወጣ ማስረጃ ሁሉ ግን እኩል ጠንካራ አይደለም፤ ለጉዳዩ የሚቆረቆር ሰው ይህንንም ሊናገር ይገባዋል። በ2020 በፍሎሪዳ 1.8 ሚሊዮን ልደቶች ላይ የተመሠረተ ጥናት ጥቁር ጨቅላዎች በጥቁር ሐኪም ሲታከሙ በሞት ረገድ ያለው ልዩነት በግማሽ ያህል ይጠብባል ብሎ ነበር፤ ወሬው ዓለምን አዳርሶ በ2023 በጠቅላይ ፍርድ ቤት የተለየ አስተያየት ውስጥም ተጠቅሷል። በ2024 ሌሎች ተመራማሪዎች በዚያው መረጃ ላይ ከ1500 ግራም በታች የተወለዱትን ለይተው ሲያሰሉ ውጤቱ አብዛኛውን ኃይሉን አጣ፤ እጅግ ትንንሾቹ ሕፃናት በብዛት ወደ ነጭ ሐኪሞች ይላኩ ነበርና። ጥቁር ሐኪሞችን ማሠልጠን በራሱ ተገቢ ነው፤ በፈረሰ አኃዝ መደገፍ ግን የጸናውንም ማስረጃ ለጥርጣሬ ያጋልጣል።

የጸናው ማስረጃ አንዱ ወተት ነው። ያለጊዜው የተወለደ ሕፃን አንጀት ለኔክሮታይዚንግ ኢንተሮኮላይተስ፣ ማለትም የአንጀት ግድግዳ ተቃጥሎ ለሚሞትበትና ለሞት ሊያደርስ ለሚችል ሕመም የተጋለጠ ነው፤ ከሚታወቁት መከላከያዎች ሁሉ የሚበልጠውም የእናቱ ወተት ነው። ሕፃኑ ለመጥባት ጉልበት ስለሌለው እናቲቱ በቀን ስምንት ጊዜ ያህል፣ ሌሊቱን ጨምሮ፣ በኤሌክትሪክ ማለቢያ እያለበች ለሳምንታት መቀጠል አለባት። የአሜሪካ የ1993 የቤተሰብ ፈቃድ ሕግ 12 ሳምንት የሚፈቅደው ያለ ደመወዝ ነው፤ ያውም 50 ወይም ከዚያ በላይ ሠራተኞች ባሉት መሥሪያ ቤት ለሚሠሩት። በሰዓት ክፍያ የምትሠራ እናት ልጇ ገና በሣጥኑ ውስጥ እያለ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች፤ ማለቢያውን የምትሰካበት ክፍል ከሌለ ወተቷ በሳምንታት ውስጥ ይደርቃል። ብዙ ጥቁር እናቶች ማጥባት ይጀምራሉ፣ ልጃቸው ከሆስፒታል እስኪወጣ ግን አይዘልቁም፤ ይህንንም «አይፈልጉም» ብሎ የመዘገበ የሕክምና ባለሙያ አልጠፋም። በቺካጎ የሚገኘው የረሽ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማዕከል ሠራተኞች ጉዳዩን ከወጪ በኩል ተመለከቱት፤ ቀደም ሲል ራሳቸው በዚያው ክፍል ልጅ ያስታመሙ እናቶችን በአማካሪነት ቀጥረው ሲሠሩ ቆይተው፣ ከዚያም አንድ ሙከራ አቀዱ። በሙከራው ለእናቲቱ በሆስፒታል የሚሠራበት ዓይነት ማለቢያ በነፃ ይሰጣታል፤ የታለበውን ወተት ከቤቷ መጥቶ የሚወስድ ሰው ይመደብላታል፤ በማለብ ለምታጠፋው ሰዓትም እንደ ማንኛውም ሥራ ይከፈላታል። ለአንድ ቀን የጽኑ ሕክምና አልጋ በሺዎች ዶላር በሚከፈልበት አገር ይህ ውድ አይደለም።